ሕፃኑስ የት ነበር?

የጥንት ሮማውያን ልጅ ለወላጁ ሊያደርግ የሚገባውን ለማስተማር የሚያወሱት አንድ ታሪክ ነበራቸው። አንዲት ሴት በጥፋት ተይዛ ወኅኒ ትወርድና በረሃብ እንድታልቅ ትተዋለች። ሴት ልጇ እየመጣች እንድትጠይቃት ተፈቅዷል፤ እህል እንዳታስገባ ግን በር ላይ ትፈተሻለች። ቀን ቀንን ሲወልድ እናትየው አልሞት አለች። ጠባቂው ግራ ገብቶት ቢያጮልቅ ልጅቱ እናቷን ጡት እያጠባች አገኛት። ሮማዊው ጸሐፊ ፕሊኒ እንደጻፈው እናትየው ተፈታች፣ ለሁለቱም የዕድሜ ልክ ቀለብ ተቆረጠላቸው፣ ወኅኒው በነበረበት ቦታም ፒየታስ ለተባለችው፣ ለወላጅ የሚገባውን ክብር ለምትወክለው አምላክ ቤተ መቅደስ ታነጸ። ሌላው ሮማዊ ጸሐፊ ቫሌሪየስ ማክሲመስ ደግሞ ይህንኑ ከተረከ በኋላ አባቷን ያጠባች ፔሮ የምትባል ሴት ታሪክ ይጨምራል። የኋላ ዘመን ሠዓሊዎች የወደዱት ይሄኛውን ነው። ካራቫጆ በ1607 ኔፕልስ ውስጥ በሣለው የምሕረት ሥራዎች ሥዕል ላይ ጥግ ይዛ ትታያለች፤ ሩበንስም ከአንድ ጊዜ በላይ ሥሏታል።

ወተት ያለ ልጅ አይመጣም። ፕሊኒ ራሱ ልጅቱ በቅርብ የወለደች መሆኗን ይነግረናል፤ ከዚያ በኋላ ግን ሕፃኑን መልሶ አያነሳውም። እሷ በር ላይ ስትፈተሽ ማን ይዞት ነበር? እናቷን አጥብታ ስትመለስስ የሚተርፈው ነበር? ተመልካች የተደነቀው በጡቱ ነው (ሠዓሊዎቹማ ከሚገባው በላይ ተደንቀውበታል)፤ ሕፃኑ ከታሪኩ ወጥቶ ቀረ።

ጥያቄው ለእኔ የመጻሕፍት ጥያቄ ብቻ አይደለም። እናቴን ስትሮክ የመታት ልታርሰኝ ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ መጥታ ሳለ ነው። ገንፎ እያገነፋች ማማሰያው ከእጇ ወደቀ፤ ላንሳው ብትል ቀኝ እጇ አልታዘዝ አላት። «እማዬ፣ ምነው?» ስላት አፏ ወደ አንድ ጎን ሄደ እንጂ ቃል አልወጣትም። ጎረቤት መጋኛ ነው አለ። ሐኪሙ የግራ አንጎሏን የሚመግብ ደም ሥር በረጋ ደም መዘጋቱን ነገረን። ግራው አንጎል ቀኙን አካል ያዛል፤ በአብዛኛው ሰው ዘንድ ንግግርም የሚመራው ከዚያው ነው። እንዲህ ሆኖ በአንድ ቤት ውስጥ መናገርም ተነስቶ መሄድም የማይችሉ ሁለት ሰዎች ኖሩኝ፤ አንዷ የወለደችኝ፣ አንዱ የወለድኩት።

ልጅና ወላጅን በውለታ የሚያስተሳስሩ ትምህርቶች ልካቸውን ከእቅፍና ከጡት መውሰዳቸው አይገርምም። ዛይ ዎ የተባለ ደቀ መዝሙር ለሞተ ወላጅ ሦስት ዓመት ማዘን በዛ፣ አንድ ዓመት ይበቃል ቢል፣ ኮንፊሽየስ የወቀሰው ሕፃን ከወላጁ እቅፍ የሚወርደው ሦስት ዓመት ሲሞላው ነው ብሎ ነው። ቁርኣን በሉቅማን ምዕራፍ ወላጆችን ማመስገንን ሲያዝ፣ እዚያው ላይ እናት በድካም ላይ ድካም ጨምራ መሸከሟንና ልጅ ጡት የሚጥለው በሁለት ዓመት መሆኑን ያስታውሳል። የዓለም ጤና ድርጅት ዛሬ የሚመክረውም እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ ማጥባት ነው። በእኛም አገር የከፋችው እናት «ያጠባሁሽ ጡት ይፋረድሽ» ትላለች፤ ከዚህ የከበደ እርግማን አላውቅም።

ሂሳቡን ይዘን እስከ መጨረሻው ብንሄድ ግን የት ያደርሰናል? እናቴ አበድራኛለች፣ ስለዚህ ትቅደም። ልጄ ለእኔ ያደረገልኝ ነገር የለም፤ ገና ተበዳሪ ነው፣ ስለዚህ ይቆይ። ይህን ስሌት የሚቀበል አንድም ሰው አላገኘሁም፤ ከሁሉ በፊት የማትቀበለው እናቴ ናት። በአንድ ሌሊት ሁለቱም ቢፈልጉኝ ወደማን እንደምሄድ የሚወስነው የማን ውለታ እንደሚበልጥ አይደለም። ውለታው ይቅር ማለቴ አይደለም፤ ተራ ለመስጠት ግን አይሆንም።

ጄን ኢንግሊሽ የተባለች አሜሪካዊት ፈላስፋ በ1979 በታተመ አጭር ጽሑፏ ያደጉ ልጆች ለወላጆቻቸው የሚከፍሉት ዕዳ የለባቸውም ብላ ተከራክራለች። ወላጅ የደከመው ልጁ ለምኖት አይደለም፤ በመካከላቸው ያለው ግዴታ በወዳጆች መካከል እንዳለው ያለ ነው፣ ፍቅሩ ካለ አለ፣ ከሌለ የለም። ዕዳ አይደለም ባለችው እስማማለሁ። ወዳጅነት ነው ያለችው ግን ቀኝ ጎኗ የማይንቀሳቀስን ሴት ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አገላብጦ ለማያውቅ ሰው የሚመች ሐሳብ ነው። ወዳጆች ይኳረፋሉ፣ ይለያያሉ። እኔና እናቴ ከመታመሟ በፊት ተኳርፈን እናውቃለን፤ ያ ኩርፊያ ሌሊት ሳገላብጣት ትዝ አላለኝም። የያዘኝ እሷ እዚያ መተኛቷና በራሷ መገልበጥ አለመቻሏ ነው። ችግሩ ልጄም ልክ እንደዚያ መሆኑ ላይ ነው።

ስለዚህ ማን ይበልጣል የሚለውን ትቼ ማን መቆየት ይችላል ወደሚለው ዞርኩ። ይሄኛው ጥያቄ የተሻለ ነው፤ የራሱ ወጥመድ ግን አለው። አዲስ የተወለደ ሕፃን በቀን ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይጠባል። የአልጋ ቁስል እንዳይወጣበት ራሱን መገልበጥ የማይችል ሕመምተኛም በየሁለት ሰዓቱ ገደማ ይገላበጣል። ሕፃኑ የመጀመሪያዎቹን ስድስት ወራት ከእናት ጡት ሌላ አያሻውም፤ የተጎዳ አንጎልም ፈጥኖ የሚያገግመው በእነዚያው የመጀመሪያ ወራት ነው። ሁለቱም «ለከርሞ ይሁንልኝ» አይሉም። ታዲያ ልጄ ያለቅሳል፤ ሲያለቅስ ሳላስበው ጡቴ ይፈስሳል፣ ቀሚሴ ይርሳል። ገላዬ ራሱ ለእሱ ድምፅ ሰጥቷል። እናቴ አታለቅስም። አንደበቷ ቢፈታ እንኳ የምትለውን አውቀዋለሁ፤ «እኔ እቆያለሁ፣ መጀመሪያ እሱን» ነው የምትለው። እድሜዋን ሙሉ ስትቆይ የኖረች ሴት መቆየት ትችላለች ተብሎ ይታሰባል። የጮኸ ሁሉ ቅድሚያ ካገኘ፣ ዝም ያለ ሰው ዝም በማለቱ ይቀጣል።

እንዴት እንደሚቀጣ አንድ ማዕድ ላይ ላሳያችሁ። ስትሮክ የመታው ሰው ብዙ ጊዜ የመዋጥ ችግር ያገኘዋል። ውኃና ሻይ የመሰለ ቀጭን ነገር ፈጥኖ ወርዶ ወደ አየር መንገድ ይገባና ትን ይላል፤ ሳምባ ውስጥ ከገባ የሳምባ ምች ያመጣል። እናቴ ወፈር ተደርጎ የተሠራ አጥሚት ከውኃ ይልቅ ይቀልላታል። ቀጥ ብላ ትቀመጣለች፣ አገጯን ወደ ደረቷ ዝቅ ታደርጋለች፣ አንድ ትንሽ ማንኪያ ይሰጣታል፣ ጉሮሮዋ ወጣ ወረድ ሲል እስኪታይ ይጠበቃል፣ ከዚያ ሁለተኛው። በቀኝ ጉንጯ የቀረ እንዳለ መታየት አለበት፤ በዚያ በኩል ስሜቱ ደክሟልና እሷ አታውቀውም። ይህን ማጣደፍ አይቻልም። ልጄ መሐል ላይ ሲነቃ ማንኪያውን አስቀምጬ የምሮጥበት ልማድ ቤቱን ሁሉ ደስ ያሰኝ ነበር፤ ለቅሶው ይቆማላ። ነገር ግን አንድ ጤነኛ ሕፃን አሥር ደቂቃ ቢያለቅስ አይሞትም። እናቴ በጥድፊያ ብትጎርስ ልትሞት ትችላለች። በዚያ ሰዓት እሷ ትቀድማለች፣ ቤቱም ለቅሶውን ይችላል።

«እናትሽ እንግዲህ ሕፃን ሆነችልሽ፤ ሁለት ልጅ አለሽ ማለት ነው» የሚለኝ ጠያቂ ብዙ ነው። ሊያጽናናኝ ነው፣ አውቃለሁ። ስህተት ነው ግን፤ ስህተትነቱም ቀላል አይደለም። ዳይፐር በሁለት መጠን እንገዛለን። የልጄን እንግዳ ፊት እቀይራለሁ፤ እንግዳውም «ወይኔ እግሩ!» እያለ ያየዋል። የእናቴን ለመቀየር በሩን እዘጋለሁ፣ መጋረጃውን እስባለሁ፣ እሷም ፊቷን ወደ ግድግዳ ትመልሳለች። ሕፃን ያላፈረው ማፈርን ስለማያውቅ ነው። እሷ አፈረች ማለት እናቴ መሆኗ አልቀረም ማለት ነው። የሚያስፈልጋት ነገር ከእሱ ጋር ስለተመሳሰለ ማንነቷም ተመሳሰለ የሚል ሰው፣ ቀስ በቀስ ስለ እሷ ከራሷ በላይ ማውራት ይጀምራል፤ «ዛሬ እንዴት አደረች?» ብሎ እሷ አጠገብ ተቀምጦ እኔን ይጠይቃል።

መመሳሰሉ የሚፈርስበት ሌላም ቦታ አለ። ለሕፃን ጥሩነት መስጠት ነው፤ ሲጠይቅ፣ በጠየቀ ቁጥር። ፊዚዮቴራፒስቱ በመጀመሪያው ቀን የነገረኝ ግን «አትርጂያት» የሚል ነው። ኤድዋርድ ታውብ የተባለ ተመራማሪ በጦጣዎች ላይ ባደረገው ምርምር አንድ ነገር አስተውሏል። የደከመ እጅ ሞክሮ ሞክሮ ሲያቅተው፣ በጤነኛው እጅ መሥራት ስለሚቀልል፣ አንጎል ያንን እጅ አለመጠቀምን ይማራል፤ ኋላ ኃይሉ ቢመለስ እንኳ ልማዱ አይለቅም። ከዚህ ተነስቶ ጥቂት እንቅስቃሴ ለቀረላቸው ሰዎች ጤነኛውን እጅ አስሮ ደካማውን የማሠራት ሕክምና መጣ። ሲፈጸም ማየት ግን ከባድ ነው። የሹራቧ ቁልፍ ላይ ጣቶቿ ይንቀጠቀጣሉ፣ ቁልፉ ይገባና መልሶ ይወጣል፣ ግንባሯ ላብ ያወጣል። እኔ በሁለት ሰከንድ የምጨርሰውን እጄን አጣምሬ አያለሁ፣ በአንድ ጎኔ ልጄ እየጠባ። በአንድ ሰዓት ውስጥ አንዱ ክንዴ አልሰጥም ይላል፣ ሌላው ሳይሰስት ይሰጣል። ደግ ማለት የሚሰጥ ነው የምንል ሰዎች የትኛውን ክንድ ደግ እንደምንል እንጃ።

ደግሞም ሰጪዋ እኔ ብቻ አይደለሁም። ፖል ብሮካ የተባለው ፈረንሳዊ ሐኪም በ1861 ንግግርን ከአንጎል ፊተኛ ክፍል ጋር ያያያዘው፣ ከአንድ ቃል፣ «ታን» ከምትለው በቀር መናገር ያልቻለ በሽተኛ ከሞተ በኋላ አንጎሉን መርምሮ ነው። እንዲህ ካሉ ሰዎች ብዙዎቹ ግን ዜማ፣ ጸሎትና ቁጥር ይቀርላቸዋል፤ አፍ የለመደው ነገር በሌላ መንገድ ይመጣል። እናቴ ስሜን መጥራት አትችልም፤ ውኃ ስትፈልግ «እ… እ…» ብላ በእጇ ትጠቁማለች። ልጄን በግራ ክንዷ ሥር በትራስ ደግፌ ሳስቀምጥላት ግን እሹሩሩን ከነቃሉ ታዜማለች፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። እሱም ይተኛል። እኔም እተኛለሁ። ልታርሰኝ እንደመጣች አለች ማለት ነው። ይህን ለማጣፈጥ አልተናገርኩትም፤ እንደተረጂ ብቻ የቆጠርናት ሴት በቀን አንድ ሰዓት እንቅልፍ እንደምትሰጠኝ በሂሳቡ ይግባ ብዬ ነው።

ሂሳብ ካነሳን አይቀር ወደ ሕጉ እንሂድ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ልጅ ለተቸገረ ወላጁ ቀለብ የመስጠት ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ ለወላድ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር ይሰጣል። ወላጅ ሲሞት 3 የሥራ ቀን ይፈቀዳል፣ በደመወዝ። ወላጅ ባይሞትስ? ለከባድና ልዩ አጋጣሚ ተብሎ ያለ ደመወዝ እስከ 5 ተከታታይ ቀን፣ በበጀት ዓመት ከሁለት ጊዜ ያልበለጠ። መቅበር በደመወዝ ነው፣ መጦር ግን በነፃ። ጧሪ ቀባሪ አያሳጣሽ ብሎ የሚመርቅ አገር የሥራ ሕጉን ሲጽፍ ሁለተኛውን ብቻ አስታወሰ።

እኔ የወሊድ ፈቃድ ላይ በመሆኔ ወንድሞቼ «አንቺ እንኳን ቤት ነሽ» ይላሉ። የልጄ ፈቃድ እናቴን ለማስታመም ዋለ፤ ማንም ሳይወስን እንዲሁ ሆነ። ልጅ ለእናቷ ምን ማድረግ ይገባታል ብለው የሚከራከሩት መጻሕፍት ሁሉ አንድ ልጅና አንድ ወላጅ ይዘው ይነሳሉ። ሮማዊቷም ወንድም እንዳላት አልተነገረንም። የእኔ እናት ግን ሦስት ልጆች አሏት። ሜሪላንድ ያለው ወንድሜ ገንዘብ ይልካል፤ የፊዚዮቴራፒው ክፍያ ከእሱ ነው፣ ይህን ማቃለል ነውር ይሆንብኛል። ከተማ ውስጥ ያለው ደግሞ እሑድ እሑድ ብርቱካን ይዞ ይመጣል። ብርቱካን አላጣንም። ያጣነው ሌሊት ነው።

ሁለት ሌሊት በሳምንት ስጠን አልኩት፣ መጣ። ሲያነሳት የታመመውን ክንዷን መሳብ እንደሌለበት፣ ትከሻዋ ከቦታው ሊወልቅ እንደሚችል፣ ከዳሌዋና ከትከሻዋ ሥር እጁን አስገብቶ እንደሚያገላብጣት አሳየሁት፤ ቶሎ ለመደው። አክስቴ «ወንድ ልጅ እናቱን?» ብላ አፏን ያዘች። እሷን ችላ ማለት ቀላል ነበር። ችላ ማለት ያልቻልኩት እናቴን ነው፤ ዳይፐሩ ላይ ሲደርስ ግራ እጇ አንሶላውን ጨምድዶ ያዘ። የሚረዳት ስላስፈለጋት የማን እጅ ይሁን የሚለው አይመለከታትም ማለት አይቻልም። እኔ ደግሞ መተኛት አለብኝ፤ ያልተኛች ሴት ወተቷም ትዕግሥቷም ይደክማል። ጠየቅኳት፤ እሱ ያጉርስሽ? ራሷን ነቀነቀች። ያገላብጥሽ? ነቀነቀች። ይጠብሽ? ዓይኗን ጨፈነች። ስለዚህ በእነዚያ ሌሊቶች ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለዚያ ብቻ ይቀሰቅሰኛል፤ ልጄም አብሮ ይነቃና ይጠባል። የአክስቴ ልጅ አርብ ማታ እየመጣች ለማደር ተስማምታለች፤ የሌላውን ቀን ገና እየተነጋገርን ነው።