አጥር የገባች ውሻ

«ውሻ በበላበት ይጮኻል» ሲባል የምንሰማው ነቀፌታውን ነው። ሆዱ ለሞላበት ቤት ሁሉ አፉን የሚያከራይ ሰው ሲገጥመን የምንጠቅሰው ተረት ነውና፣ ስለ ውሻው ስለ ራሱ ምን እንደሚል ቆም ብሎ የሚጠይቅ የለም። እኔም አልጠየቅኩም ነበር። እንድጠይቅ ያደረገችኝ ከደጄ ላይ ቆማ የገዛ ጓደኞቿን ስታባርር ያየኋት አንዲት ቡናማ ውሻ ናት።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ ነው። ከቤታችን ዝቅ ብሎ፣ ከሉካንዳው ጎን በተቀመጠው የቆሻሻ ገንዳ ዙሪያ አምስት ውሾች ይኖሩ ነበር። የማንም አይደሉም፤ የሰፈሩ ናቸው። አዲስ አበባን የሚያውቅ ሰው ይህን ዓይነቱን ማኅበር ያውቀዋል። ቀን ከቆመ መኪና ሥር ተጋድመው ያንቀላፋሉ፤ ማታ ሉካንዳው ሲዘጋ በአጥንት ይሻማሉ፤ ሌሊት ከወንዙ በኩል ጅብ ሲመጣ በአንድ ድምፅ ይነሣሉ። («ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚለውን ተረት ያወጣው ሰው እኛ ሰፈር አላደረም።) አንድ ማለዳ ከአምስቱ አንዷን መኪና ገጭቷት፣ ከቦዩ ጠርዝ ላይ ዝናብ ሲወርድባት አገኘኋት። የኋላ እግሯ ተሰብሯል። አራቱ ጓደኞቿ ራቅ ብለው ተቀምጠዋል፤ ከእነሱም አንዱ፣ ጆሮው የተተለተለው፣ ሰው ሲጠጋት ያጉረመርማል። የሰፈሩ ጥበቃ «ጋሼ፣ ለእሷ የሚበጃት ቶሎ ብትሞት ነው» አለኝ። በክፋት አልነበረም። እንዲያ ብሎም ጆንያ ፈልጎ ያመጣውና አንሥቶ የተሸከማት እሱ ራሱ ነው።

የእንስሳት ሐኪሙ እግሯን አሰረላት፤ የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባት ወጋት። ልጆቼ «ቡቺ» አሏት። ቡቺ ስም ነው ለማለት ያስቸግራል፤ አገር ሙሉ ቡችላ የሚጠራበት ነው። ከሁለት ወር በኋላ በእግሯ መርገጥ ጀመረች። ጠጉሯ ተመለሰ፣ ጎኗ ሞላ፣ ከበረንዳው ጥግ ቦታዋን ያዘች። ቤተሰቡ በሙሉ ኮራ። እኔም መልካም ሥራ የሠራ ሰው ደስታ ተሰምቶኝ እንደነበር አልደብቅም።

በሦስተኛው ወር፣ በሩ ተከፍቶ ሳለ፣ ያ ጆሮው የተተለተለው ውሻ መጣ። ጅራቱን እየቆላ፣ አንገቱን ዝቅ አድርጎ፣ እንደ ዘመድ ጠያቂ ነበር አመጣጡ። ቡቺ ከበረንዳው ተወርውራ ወረደችና ጥርሷን አግጥጣ አባረረችው። ከበሩ ውጭ ግን አንድ እርምጃ አልሄደችም፤ ደጃፉ ላይ ቆማ ድምፅዋ እስኪዘጋ ጮኸችበት። ጥበቃው ሣቀ። «አዩ ጋሼ፣ ሀብታም ሆነችባቸው!» እኔ ግን ሣቄ አልመጣም። ይህችን ውሻ አድኛታለሁ? ወይስ ከወገኖቿ ለይቼ በወገኖቿ ላይ ዘበኛ አድርጌያታለሁ?

ከውሻ ጋር ያለን ነገር መቼም ዥንጉርጉር ነው። ውሻ ቤተ መቅደስ እንዳይገባ ይጠበቃል፤ በሙስሊም ጎረቤቶቼም ዘንድ ውሻ የላሰው ዕቃ ተደጋግሞ ካልታጠበ አይበላበትም። ነገር ግን በመጽሐፈ ጦቢት ወጣቱ ጦብያ ከመልአኩ ጋር መንገድ ሲወጣ ውሻው ተከትሎታል። ባለጠጋው ከደጁ የወደቀውን አልዓዛርን ዞር ብሎ ባላየው ጊዜ ቁስሉን የላሱለት ውሾች ናቸው። በሐዲስም በውሃ ጥም ለሚያለከልክ ውሻ ከጉድጓድ ቀድቶ ያጠጣ ሰው ኃጢአቱ እንደተማረለት ይነገራል። እኛ ምሕረቱንም መጸየፉንም ወርሰን በከተማ ቤት ስንሠራ ያገኘነው አስታራቂ መላ ሰንሰለት ነው። ውሻው ቀን ይታሠራል፣ ማታ ይለቀቃል፣ ግቢውን ሳያልፍ ያረጃል። ሌላውን ውሻ የሚያውቀው ከአጥር ወዲያ በሚሰማው ድምፅ ብቻ ነው።

ስኮትና ፉለር የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ቡችላ ወገኑ ማን እንደሆነ የሚማርበት ጊዜ አጭር መሆኑን አሳይተዋል፤ ከሦስተኛው እስከ አሥራ ሁለተኛው ሳምንት ገደማ ነው። በዚያ ጊዜ ሰው ያላየ ቡችላ ካደገ በኋላ ሰውን ይሸሻል፤ ከውሻ የተለየም ከውሻ ጋር መኖር ይቸግረዋል። እንግዲህ በዚህ ሚዛን በከተማችን የተማረው ውሻ የቱ ነው? ጡት ሳይጥል ተገዝቶ በካርቶን ወደ ግቢ የገባው ነው ወይስ ገንዳ ሥር ተወልዶ ከእናቱና ከወንድሞቹ ጋር ያደገው? የመንገድ ውሻ ወደማያውቀው ውሻ ፊት ለፊት ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ ዞር ያለ መንገድ ይዞ ከጎን ይጠጋል። ዐይን ለዐይን መፋጠጥ ጠብ መሆኑን ያውቃል። ስለዚህ መሬት ያሸታል፣ ያዛጋል፣ ከንፈሩን ይልሳል፣ ፊቱን ያዞራል። ይህ ሁሉ «ለጠብ አልመጣሁም» ማለት ነው። መጫወት ሲያምረው ደግሞ የፊት እግሮቹን ዘርግቶ፣ ደረቱን ወደ መሬት ዝቅ፣ ወገቡን ከፍ ያደርጋል፤ እጅ እንደሚነሣ ሰው። ገመድ አንገቱ ላይ የተወጠረበት ውሻ ግን ከዚህ አንዱንም ማድረግ አይችልም። መዞርም መሸሽም የተከለከለ ፍጡር የቀረው መጮህና መናከስ ነው።

ስለዚህ ቡቺን ያስጮኻት ጥጋብ ነው ብዬ የፈረድኩት በጥድፊያ ነበር። እግሯ ተሰብሮ ሦስት ወር በአንድ በር ስትወጣና ስትገባ የከረመች ውሻ፣ ከዚያ በር ላይ ያላትን ሁሉ አስቀምጣለች። በሩን ማጣት ፈርታም ሊሆን ይችላል። ይህም ቢሆን ጥያቄውን አያቀልልኝም፤ ያን ፍርሃት የሰጠኋት እኔ ነኝና።

አማኑኤል ካንት በግብረ ገብ ትምህርቱ፣ ሰው ለእንስሳ ቀጥተኛ ግዴታ የለበትም ይል ነበር። አገልግሎት የሰጠውን ውሻ አረጀ ብሎ የሚገድል ሰው ግን በራሱ ውስጥ ያለውን ሰብአዊነት ይጎዳል፤ ክፋቱም እዚያ ላይ ነው። በዚህ ስሌት ከሄድን እኔ ሒሳቤን የዘጋሁት በዚያ ዝናባማ ማለዳ ነው። ርኅራኄዬ ተፈተነ፣ አለፈ፣ አበቃ። ውሻዋ የደግነቴ መለማመጃ ሆና ትቀራለች ማለት ነው፤ ይህ ነው የማይዋጥልኝ። ማንሣት ሁሉ ማዳን አይደለም። ላይካም ከሞስኮ ጎዳና የተነሣች ውሻ ነበረች። የተመረጠችውም የጎዳና ውሻ ብርድና ረሃብ የለመደ ነው ተብሎ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1957 መመለሻ በሌለው መንኮራኩር ወደ ጠፈር ተላከች። በሥራው ከተሳተፉት ሳይንቲስቶች አንዱ የነበረው ኦሌግ ጋዜንኮ በ1998 መጸጸቱን ተናግሯል።

ሌላው ፈላስፋ ኤማኑኤል ሌቪናስ እ.ኤ.አ. በ1975 ባወጣው አጭር ጽሑፍ ስለ አንድ ውሻ ይተርካል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እሱና ሌሎች አይሁድ ወታደሮች በጀርመን አገር ምርኮኞች ነበሩ። ለጉልበት ሥራ ሲወጡና ሲገቡ ያገኛቸው የነበረው ሰው እንደ ሰው አይቆጥራቸውም። ከየት እንደመጣ ያልታወቀ አንድ ባይተዋር ውሻ ግን ጠዋት ሲሰለፉና ማታ ሲመለሱ እየዘለለ ይቀበላቸዋል፤ ለእሱ ሰውነታቸው አያጠራጥርም። ምርኮኞቹ «ቦቢ» አሉት። (ይህ ስም በአዲስ አበባ በስንት ግቢ ይጠራ ይሆን!) ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ጠባቂዎቹ አባረሩት። ይህን ታሪክ ባነሣሁ ቁጥር ወደ ሐሳቤ የሚመጣው ቦቢ የማንም አለመሆኑ ነው። ያን ሰላምታ ሊሰጥ የቻለው ከአጥሩ በአንደኛው ወገን ስላልታሠረ ይመስለኛል። የጠባቂዎቹ ውሻ ቢሆን ኖሮ በበላበት በጮኸ ነበር።

አንድ ወዳጄ ይህን ሁሉ ስነግረው «ሕፃን ልጅ ላስቲክ ለብሶ አስፋልት ላይ በሚያድርበት ከተማ ስለ ውሻ ወዳጅነት ትፈላሰፋለህ?» አለኝ። እንዲሁ የሚታለፍ አነጋገር አይደለም፤ አሁንም ይጎረብጠኛል። የምችለውን ያህል ልመልስ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በእብድ ውሻ በሽታ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰው ይሞታል። አብዛኛው በእስያና በአፍሪካ ነው፤ ከመቶው 40 ያህሉ ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው። በሽታው ወደ ሰው የሚመጣው ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ በውሻ ሲሆን፣ ከውሾቹ 70 በመቶው ቢከተቡ መዛመቱ ይገታል። አስፋልት ላይ የሚያድረው ልጅና ገንዳ ሥር የሚያድረው ውሻ የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው። በሌሊት መርዝ የተቀባ ሥጋ መጣል ግን የተከተበውን ካልተከተበው ለይቶ አይገድልም፤ በተለቀቀው ቦታም ሌሎች ይመጡበታል። በኢስታንቡል እ.ኤ.አ. በ1910 የከተማው ውሾች በአሥር ሺዎች ተሰብስበው በማርማራ ባሕር ካለች ምድረ በዳ ደሴት ተጥለው በረሃብና በጥም አልቀዋል። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ2024፣ የቱርክ ፓርላማ ስለ መንገድ ውሾች እንደገና ሕግ ማውጣት ነበረበት።

ወደ ቡቺ ልመለስ። ከግቢ እንድትወጣ ማድረግ አለብኝ ብዬ ወሰንኩ፤ ግን ከማን ጋር? ከጎን ያለው ቤት ጃክ የሚባል፣ ዕድሜውን በሰንሰለት ያሳለፈ ትልቅ ጥቁር ውሻ አለ። ባለቤቱ አዛውንት ናቸው። ሐሳቤን ስነግራቸው «ልጄ፣ ሌባ እንዲይዝ እንጂ ጓደኛ እንዲይዝ አላሳደግኩትም» አሉኝና ሣቁ፤ በማግሥቱ ግን ፈቀዱ። ከንጋቱ 12 ሰዓት፣ መኪና ሳይበዛ፣ እኔ ቡቺን ጥበቃው ጃክን ይዘን በመንገዱ ግራና ቀኝ መሄድ ጀመርን። ፊት ለፊት አላገናኘናቸውም። ጎን ለጎን፣ ሃያ እርምጃ ያህል ተራርቀን፣ ገመዱን ላላ አድርገን፣ ዝም ብለው በሄዱ ቁጥር ቁራሽ ሥጋ እየሰጠን። የመጀመሪያው ሳምንት ያሳፍራል። ጃክ ሌላ ውሻ ሲያይ የሚያደርገው ጠፍቶት በሁለት እግሩ ቆሞ ያናፋል፤ ጥበቃውን ጎትቶ ቦይ ሊከተው ምንም አልቀረው። መንገደኛው ይስቅብናል።

እኔ ቡቺን ላስተምር ነበር የወጣሁት። በሦስተኛው ሳምንት ግን ጃክ ሲያናፋ እሷ ቆመች፤ ጎኗን ሰጠችው፣ ፊቷን አዞረች፣ የሌለ ነገር መሬት ላይ ታሸት ጀመር። ጠበቀችው። የገንዳው ትምህርት ከውስጧ አልጠፋም ነበር። ጃክ ግራ ተጋባና ዝም አለ። በአምስተኛው ሳምንት፣ ከኳስ ሜዳው ዳር፣ ያ ዕድሜውን ሙሉ ታሥሮ የኖረ ውሻ እየተደነቃቀፈ፣ ሊወድቅ እየደረሰ፣ ደረቱን ወደ መሬት ዝቅ አደረገላት። ጥበቃው «አረ ይህ ጎረምሳ እጅ መንሣት ቻለ!» ብሎ ጮኸ።

ከገንዳው አራት ውሾች አሁን የቀሩት ሁለት ናቸው። በታኅሣሥ አንድ ሌሊት ሥጋ ተጥሎ ነበር። በማግሥቱ ቡቺ ቦታውን ስታሸት ቆይታ አልንቀሳቀስ አለች፤ እኔም አልጎተትኳትም። ጆሮው የተተለተለው ተርፏል። ጠዋት ስንወጣ ከኋላችን ራቅ ብሎ ይከተለናል፤ ሜዳው ላይ ስንደርስም ከቡቺ ጋር ይሽታተታሉ፣ ይሯሯጣሉ። ተመልሰን በሩን ስንገባ ግን ዞር ብላ ትጮኽበታለች። እሱም የለመደው ይመስል ከበሩ ማዶ ተጋድሞ ይቀመጣል።

አሁን ማታ ማታ እዚያው ማደር ስለጀመረ ጎረቤት እያጉረመረመ ነው፤ እውነት አላቸው፣ አልተከተበም። ሰው ስለማያስጠጋ ልይዘው አልቻልኩም። ጥበቃው ግን በየማታው አጥንት እየሰጠ እያለማመደው ነው። «የምይዘው ለክትባቱ ቀን ብቻ ነው ጋሼ» ብሎኛል፤ «ከዚያ እለቀዋለሁ።»