ሕመምን ስለ መሰወር

ሰው ሕመሙን ከባልንጀሮቹ የሚሰውረው ስለ ፍቅር ነውን፥ ወይስ ስለ ትዕቢት? ይህን ጥያቄ ለመመርመር ከምድር ደቡባዊ ጫፍ ከአንታርክቲካ የተገኘ አንድ ታሪክ ይረዳናል።

እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር በ1934 ዓ.ም. አሜሪካዊው አድሚራል ሪቻርድ ባይርድ፥ ሊትል አሜሪካ ከተባለው ሰፈሩ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፥ በበረዶ ውስጥ በተቀበረች ጎጆ ብቻውን ከረመ። በዚያ አገር ክረምት ፀሐይ ለብዙ ሳምንታት አትወጣም። ሥራው የነፋሱን ኀይልና የብርዱን ልክ በየዕለቱ ተመልክቶ መጻፍ ነበር። ከሰፈሩ በሬዲዮ በድምፅ ሲናገሩት፥ እርሱ በቴሌግራፍ ምልክት ይመልስ ነበር።

ነገር ግን ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው ሽታ የሌለው መርዝ ከምድጃውና ከሬዲዮው ሞተር እየወጣ ጎጆዪቱን መላት፤ በሜይ መጨረሻም ታሞ ወደቀ። ምድጃውን ቢያነድ መርዙ፥ ቢያጠፋ ብርዱ ያሠጋው ነበር። እንዲህም ሆኖ የዕለት ሥራውን አልተወም፤ ሕመሙን ግን ለማንም አልገለጠም። ቢናገር ባልንጀሮቹ በጨለማ ተነሥተው በመንገድ እንዳይጠፉ ፈርቶ ነበርና።

ይህ አሳብ የተከበረ ነው፤ ራሱን ለባልንጀሮቹ አሳልፎ መስጠቱ ነውና። ዳሩ ግን ምሥጢሩ እነርሱን ከአደጋ አላዳናቸውም። የምልክቱ መሳከር ስላጠራጠራቸው ቶማስ ፖልተርና ሁለት ጓደኞቹ፥ ሁለት ጊዜ ሞክረው ከተመለሱ በኋላ፥ ኦገስት 10 ቀን ደረሱለት፤ እጅግ ከስቶም አገኙት።

እንግዲህ ሕመምን መሰወር ሸክሙን ከወዳጅ ትከሻ አያወርድም፤ ወዳጅ የሚሸከመውን ሳያውቅ እንዲሸከም ያደርገዋል እንጂ። ባይርድ «ታምሜአለሁ፤ ነገር ግን ጨለማው እስኪያልፍ አትምጡ» ቢል ኖሮ፥ ፍቅሩንም እውነቱንም በጠበቀ ነበር። ፍርዱንም ለእነርሱ በተወ ነበር። ሰው ስለ ሌላው መከራ ለመቀበል ሲደፍር፥ ሌላው ስለ እርሱ መከራ እንዲቀበል ግን አለመፍቀዱ፥ በፍቅር ውስጥ የተሸሸገ ትዕቢት እንዳይሆን ያሠጋል።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲሉ አባቶቻችን የተናገሩት ለሥጋ ብቻ አይደለም። ዓለምን ንቆ በዋሻ የሚኖር ባሕታዊ እንኳ የልቡን ቍስል ለንስሓ አባቱ ይገልጣል። ስለዚህ በቤታችን ችግሩን በፈገግታ የሚሸፍን አባት ወይም እናት ቢኖር፥ ትዕግሥቱን እናክብርለት፤ ነገር ግን ይናገር ዘንድ አጥብቀን እንጠይቀው።