ሜኑው የማን ነው?

ደሎ መና ሞቃት ናት። ከዚያ ተነስቶ ወደ ጎባ የሚወጣ ሰው ግን የሐረናን ደን ጨርሶ ሳነቴ ሲደርስ፣ ወደ 4,000 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል። ስለዚህ መና ምንም ቢሞቅ መንገደኛ ጋቢውን አይረሳም። አሁን ሻንጣችሁን የሚያዘጋጅላችሁ አንድ ታታሪ ልጅ አለ እንበል። ሁለት ወር ሙሉ መና ላይ ሲከታተላችሁ ጋቢውን አንድም ቀን ስትለብሱ አላየም። «አያስፈልጋቸውም» ብሎ አውጥቶ ቁም ሳጥን ውስጥ ከተተው። ክፋት የለበትም። ስህተቱ የሚታወቀው ሳነቴ ላይ ነው።

ማይክሮሶፍት ኦፊስ 2000 ላይ ያደረገው ይህንኑ ነበር። ሜኑ ስትከፍቱ መጀመሪያ የሚታያችሁ ዘወትር የምትነኩት ትእዛዝ ነው፤ የቀረው ከታች ካለች ባለ ሁለት ቀስት ምልክት ጀርባ ይደበቃል። ሐሳቡ ሸክም ለማቅለል ነው። ግን አልፎ አልፎ የሚፈለግ ነገር ሁሉ ትንሽ ነገር አይደለም። ሰኔ ላይ የመቶ ተማሪ ስም እየቀያየረ ሰርተፍኬት የሚያትመውን ትእዛዝ አሥራ አንድ ወር ማንም ላይነካው ይችላል። ሰኔ ሲመጣ ከሱ በላይ የሚፈለግ የለም። ኦፊስ 2007 ይህን አሠራር ትቶ ሪቦን የሚባለውን ይዞ መጣ።

ታዲያ ማሽኑ ከሚገምት ሰውየው ራሱ ይምረጥ? እ.ኤ.አ. በ2004 ሊያ ፊንድሌተርና ጆአና ማክግሬነር ሦስት ዓይነት ሜኑ አወዳድረው ነበር፤ የማይለወጥ፣ ራሱን የሚለውጥና ተጠቃሚው የሚለውጠው። ራሱን የሚለውጠው ከማይለወጠው ይልቅ ሰዎቹን አዘገያቸው። ብዙዎቹ የወደዱት ደግሞ በገዛ እጃቸው የሚያስተካክሉትን ነው። ደስ ይላል። ነጻነት አሸነፈ ብዬ ጽሑፉን እዚህ ባቆምኩት ነበር፣ ፎቶ ኮፒ ቤት የሚባል ነገር ባይኖር።

መና ሆነ ሮቤ፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ አንዱ ኮምፒውተር የብዙ ሰው ነው። ጠዋት ጸሐፊዋ ትገባለች፣ ከሰዓት ባለቤቱ ይቀመጣል፣ ቅዳሜ የእህቱ ልጅ። አንዱ ደንበኛ ማመልከቻውን በአፋን ኦሮሞ፣ በቁቤ ይፈልጋል፤ ቀጣዩ በፓወር ግዕዝ የተጻፈ አማርኛ በፍላሽ ይዞ ይመጣል። የጠዋቷ ልጅ ቱልባሩን ለእጇ አመቻችታዋለች እንበል። ፕሪንትን ወደ ላይ አምጥታ፣ የማትነካቸውን አጥፍታ። ሥራዋ ይፈጥናል። ከሰዓት የሚገባው ግን የሚያውቀው ቦታ ባዶ ሆኖ ይጠብቀዋል። ሰው ማጀት ገብቶ ቡና እንደማፍላት ነው፤ ስኳሩ አለ፣ ግን የት?

እሷ ምን አጠፋች? እኔ ምንም ባይ ነኝ። ቀኑን ሙሉ የምትሠራበትን መሣሪያ ማመቻቸት መብቷ ነው፤ ገበሬስ እርፉን ለእጁ ያስተካክል የለ? ልዩነቱ እርፉ የራሱ መሆኑ ነው። ሌላም ነገር አለ። እሷ ብቻ የምታውቀው ቱልባር ካለ በቀላሉ አትባረርም። ደሞዟ ትንሽ የሆነ፣ ውል የሌላት ልጅ ሆን ብላ ብታደርገው እንኳ ልፈርድባት ይከብደኛል። የሚጎዳው ግን ባለቤቱ ብቻ አይደለም። ሥራ ልትለምድ አጠገቧ የምትቀመጠው አዲሷ ልጅ የምትማረው ዎርድን ሳይሆን የዚህችን ልጅ ዎርድ ነው። ነገ ጎባ ሄዳ ለሥራ ስትፈተን፣ ሌላ ማሽን ፊት፣ «እችላለሁ» ያለችው ሁሉ ይጠፋባታል። እንጀራዋ ነው እኮ።

ጣቴን የምቀስረው ወደ ሠሪው ነው። «እንደፈለጋችሁ አድርጉት» ማለት ልግስና ይመስላል፤ ብዙ ጊዜ ግን የራስን ሥራ ሰው ላይ መጣል ነው። ዌንዲ ማኬይ እ.ኤ.አ. በ1991 ባወጣችው ጥናት ሰዎች ሶፍትዌራቸውን ለማስተካከል ጊዜ እንደሚያጥራቸው፣ ሲያስተካክሉም ብዙ ጊዜ አዲሱን እንደ ድሮው ለማድረግ እንደሆነ አሳይታለች። ያውም የተጠኑት ኤምአይቲ ያሉ ሰዎች ናቸው! ሜኑው አፍ በፈታበት ቋንቋ ያልተጻፈለት፣ መብራት ሳይሄድ ለመጨረስ የሚሯሯጥ ሰውማ «ከስተማይዝ» የምትለዋን መቼ ከፍቶ ያያል? ለሱ ምርጫ ማለት ሠሪው አስቀድሞ የመረጠለት ነው።

እርግጥ ለእያንዳንዱ ሰው የየራሱ አካውንት ቢከፈት ችግሩ ይቀላል። ሰልፍ እየጠበቀ አካውንት የሚቀያይር ፎቶ ኮፒ ቤት ግን አላየሁም። ለእኔ የኦፊስ 2007 መላ ይሻላል፤ ትልቁ ሪቦን ለሁሉም አንድ ዓይነት ሆኖ፣ ከላይ አንዲት ቀጭን መስመር ብቻ የራስ። ልጅቷ ፕሪንቷን እዚያ ታስቀምጣለች፣ የማንንም ዕቃ አታነሳም።

ለዓመታት ቱልባራቸውን ሲያበጁ የኖሩ ሰዎች ግን ያን ጊዜ አማረሩ፤ እውነት አላቸው፣ የእጃቸው ሥራ ነው የተወሰደባቸው። ኦፊስ 2010 ሪቦኑንም ለመለወጥ ፈቀደ። ብቻውን ቢሮው ውስጥ ለሚሠራ ሰው ይህ ተገቢ ነው። ፕሮግራሙ ግን ወንበሩ ላይ ስንት ሰው እንደሚፈራረቅ አይጠይቅም።