መንገደኛ ለሚያልፍበት አገር ምን ዕዳ አለበት?

መንገድ ለአንድ አገር ከሚደረጉት በጎ ሥራዎች ሁሉ ግንባር ቀደም መሆኑን የሚክድ አስተዋይ ሰው አይገኝም። ገበሬውን ከገበያ፥ በሽተኛውን ከሐኪም፥ ተማሪውን ከትምህርት ቤት የሚያገናኘው መንገድ ነው። ይሁን እንጂ በጎ ነገር ሁሉ አዲስ ጥያቄ ይዞ መምጣቱ አይቀርምና፥ ስለ መንገድ ጥቅም ብዙ ከተነገረ በኋላ ስለ መንገደኛ ግዴታም ጥቂት መነጋገር የሚገባን ይመስለናል። ሰው ለሚኖርበት አገር ዕዳ እንዳለበት የታወቀ ነው። በአውቶሞቢል ተቀምጦ ለሚያልፍበት አገርስ ምን ዕዳ አለበት?

ነገሩ በሐሳብ ብቻ እንዳይቀር፥ ከሻሸመኔ ማልዶ ተነሥቶ ሲመሽ አዳማ የሚገባውን መንገደኛ እንከተል። አርሲ ነገሌን እንዳለፈ በስተግራው ሻላና አቢጃታ፥ በስተቀኙ ላንጋኖ ይገኛሉ። እነዚህ ሦስቱና ወደ ፊት የሚያገኘው የዝዋይ ሐይቅ ከብዙ ሺሕ ዓመታት በፊት አንድ ታላቅ ሐይቅ እንደ ነበሩ የምድርን ታሪክ የሚመረምሩ ሊቃውንት አረጋግጠዋል። ሻላ ጥልቀቱ ከ250 ሜትር በላይ ስለ ሆነ ገና ግርማውን አላጣም። አቢጃታ ግን ጥልቀት የሌለው በመሆኑ፥ የሚመግበው ውሃ ለመስኖና ለሌላም ሥራ ከላይ ሲቀነስበት፥ ከራሱም ውሃ ሶዳ አሽ ሲመረትበት፥ ዳርቻው ከዓመት ወደ ዓመት እየሸሸ ሄዷል። ጨውነቱ ሲበረታ ዓሣው አለቀ፤ በሻላ ደሴቶች ላይ ጎጆ ሠርተው ከአቢጃታ ዓሣ ይለቅሙ የነበሩት ይብራዎችም ሲሳያቸውን አጡ። መንገደኛው ከሩቅ የሚያየው ነጭ ሜዳ ትናንት ሐይቅ የነበረ መሆኑን የሚነግረው ከሌለ፥ «እንዴት ያምራል!» ብሎ ያልፋል።

ቀጥሎ ቡልቡላ፥ ከዚያም አዳሚ ቱሉ ይደርሳል። ስሙ በኦሮምኛ የቁልቋል ኮረብታ ማለት ነው። የአዳማም ስም ከዚያው ከቁልቋል እንደ ወጣ ይነገራል። በዚህ አገር ከመንገዱ ግራና ቀኝ በጆንያ የታሰረ ከሰል ተደርድሮ ማየት የተለመደ ነው። ጥያቄያችን ከባድ የሚሆነውም እዚህ ላይ ነው። መንገደኛው ይወርዳል፤ ዋጋ ይከራከራል፤ አንድ ጆንያ ገዝቶ ጭኖ ይሄዳል። ገንዘቡን ስለ ከፈለ ዕዳ ያለበት አይመስለውም። ነገር ግን የከፈለው የምኑን ዋጋ ነው? የቆራጩንና የአክሳዩን ድካም ነው፤ ያውም ጎደል አድርጎ። የግራሩ ዋጋ በሒሳቡ ውስጥ የለም። ብዙ ዓመት ያደገ ግራር ተቆርጦ፥ አፈር ለብሶ፥ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከሰል ይሆናል። ፍሬው በበጋ ለፍየል መኖ፥ ጥላው ለከብት ማረፊያ፥ ሥሩ ለአፈር መያዣ ነበር። ይህን ሁሉ ለሻጩም ለገዢውም ያስረከባቸው የለም፤ የሚከፍለው ግን ገና ያልተወለደው የአዳሚ ቱሉ ልጅ ነው።

«አንድ ጆንያ ምን ያደርጋል?» የሚል ይኖራል። አበው «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ብለዋል። ይህ ቃል ስለ መረዳዳት የተነገረ ነው፤ እኛ ግን ለጥፋትም ስናውለው እንታያለን። አንድ ሰው ብቻውን አንድን ደን ቢጨርስ ኅሊናው ያስጨንቀው ነበር። ጥፋቱን ለሺሕ መንገደኛ ስናከፋፍለው ግን ለያንዳንዱ እንደ ሎሚዋ ቀላል ይሆንለታል። የተከፋፈለ ሸክም ቀለለ እንጂ አልጠፋም። ግራሩ ያው ተቆርጧል።

ሌላው ደግሞ በተቃራኒው «እንግዲያስ ማንም አይግዛ» ይላል። ይህም ፍርድ የቸኮለ ነው። አክሳዩ በጥጋብ ጊዜ ያመጣው ሥራ አይደለም፤ ዝናብ ሲከዳው፥ እህል ከጎተራ ሲያልቅ፥ ከብቱ ሲከሳ የያዘው ነው። በከተማም ያለችው እናት ከሰል የምትገዛው ግራር ጠልታ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የቆቃ ኃይል ማመንጫ ከዚሁ መንገድ አጠገብ ይገኛል፤ ከዚያ ወዲህ ከ60 ዓመት በላይ አልፎ ሳለ፥ ዛሬም ብዙ የከተማ ቤት ወጡን የሚሠራው በከሰል ነው። ስለዚህ ባለመግዛት ብቻ እጁን የታጠበ መንገደኛ፥ እጁ ቢነጻም ዕዳው አልተከፈለም።

ቀድሞ በእግርና በበቅሎ ሲኬድ ይህ ጥያቄ መልስ ነበረው። ከአዳሚ ቱሉ እስከ አዳማ ያለው 120 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ለበቅሎ መንገደኛ ሦስትና አራት ቀን ይፈጅ ስለ ነበር፥ ሰውየው የግድ መሽቶበት ከሰው ደጅ ይቆማል። «የመሸበት የእግዜር እንግዳ» ይባልና ማደሪያ ይሰጠዋል፤ ወተት ይቀርብለታል። እርሱም በፈንታው የገበያውን ዋጋ፥ የዝናቡን ነገር፥ የሩቁን አገር ወሬ ይነግራል። ያሳደረው ሰው ነገ በተራው ደጁ ሊመጣ እንደሚችል ያውቃል። አስፋልት ይህን ማሰሪያ ፈታው፤ በምትኩ ገንዘብን ተካ። አሁን ደግሞ ከሞጆ ወደ ሐዋሳ የተወጠነው የፍጥነት መንገድ እስከ ባቱ ድረስ ተከፍቶ፥ መቂንና ዓለም ጤናን ወደ ጎን ትቶ ያልፋል። ሕፃንና ከብት ከመኪና አደጋ ይድናሉ፤ ቲማቲሙና ሽንኩርቱ ሳይበላሽ ገበያ ይደርሳል። ይህን የሚነቅፍ አይኖርም። ሆኖም በአጥሩ ምክንያት መንገደኛና ባላገር ዓይን ለዓይን መተያየታቸው ቀርቷል። ዓይን ያላየውን ልብ አያስበውምና፥ ዕዳው ሳይቀነስ መታወቁ ብቻ ይቀነሳል።

እንግዲህ ሊያርስ ወይም ሊተክል የማይቆይ ሰው ምን ሊከፍል ይችላል? እንደኛ አስተያየት የመንገደኛ ዕዳ ምስክርነት ነው። የድሮው እንግዳ ለማደሪያው የከፈለው ወሬ ነበር፤ የዛሬውም ከዚያ የተሻለ የሚከፍለው የለውም። ልዩነቱ ወሬው መነገር ያለበት በሌላ ስፍራ መሆኑ ነው።

ይህም ከማንም ይልቅ በመንግሥት ሥራ ላይ ያለነውን ይመለከተናል። አዳማ የስብሰባ ከተማ ናት። ስለ ደን፥ ስለ ሐይቅና ስለ ገጠር ኑሮ ለመወያየት ብዙዎቻችን በዚሁ መንገድ ወደ አዳራሾቿ እንጓዛለን። ስለ አዳሚ ቱሉ ለመነጋገር አዳሚ ቱሉን እያለፍን እንሄዳለን፤ በመንገድ ያየነውንም ከአዳራሹ ደጅ ጥለነው እንገባለን፤ በጽሑፍ የቀረበ አይደለምና። ከሰል ይከልከል የሚል ሐሳብ ሲቀርብ፥ አክሳዩ እህል እስኪደርስ ድረስ ምን ይበላል፥ የከተማዋስ እናት በምን ታበስላለች ብሎ መጠየቅ ጠዋት በዚያ ላለፈ ሰው የተጣለ ግዴታ ነው። ውሃ ከወንዝ ይጠለፍ የሚል ዕቅድ ሲነበብም፥ በታችኛው ሐይቅ ዳር ነጩን ሜዳ ያየ ሰው ዝም ሊል አይገባውም። ይህን ለማለት ታላቅ ሥልጣን አያስፈልግም፤ እጅ አንሥቶ ያዩትን መናገር ይበቃል።