«አገባን» የሚለው ተመልካች

በጎንደር ከተማ ስለ እግር ኳስ የሚያወጉ ሰዎች አነጋገር ልብ ብሎ ላዳመጠው አንድ የሚያስደንቅ ጠባይ አለው። የፋሲለደስ ስታዲየምን መልካም ቀናት ሲያነሡ፣ መለያ ለብሰው ሜዳ ያልገቡ፣ ዕድሜያቸውን በተመልካች ደረጃ ላይ ያሳለፉ ሰዎች «አገባን»፣ «መራን»፣ «አሸነፍን» ይላሉ። አስተማሪው፣ ልብስ ሰፊው፣ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊው፣ ከዳባትና ከደባርቅ በአውቶቡስ የወረደው ገበሬ ሳይቀር፣ በግሡ ጫፍ በተቀጠለችው በዚያች በአንዲት «ን» ፊደል ከአሥራ አንዱ ተጫዋቾች ጋር ይቆጠራሉ። የሰዋስው መምህር ቢሰማቸው ያርማቸው ይሆናል፤ ያገባው አንድ ሰው፣ የተጫወቱትም አሥራ አንድ ናቸውና። ይሁን እንጂ የሕዝብ አነጋገር በከንቱ አይወለድም። ይህች «ን» ከምን መጣች? ተመልካች የሚባለው ሰው በሌላው ድካም ላይ ምን ድርሻ አለው? ድርሻ ካለውስ ዕዳ የለበትምን?

አስቀድሞ ትዝታውን ራሱን መመርመር ይገባል። ወደ ስታዲየም ሲመላለሱ የኖሩ ሰዎች ተሰብስበው ያለፈውን ሲያነሡ ብዙውን ጊዜ የሚከራከሩት በውጤቱ ላይ ነው፤ አንዱ ሁለት ለአንድ ነበር ሲል ሌላው አቻ ነበር የተለያየነው ይላል። በሌላው ነገር ግን ይስማማሉ። ከጠዋት ጀምሮ የተያዘው ሰልፍ፣ እጅ ለእጅ የዞረው ቆሎ፣ ከፀሐይ ለመከለል በራስ ላይ የተደረገው ጋዜጣ፣ ጎሉ ሲገባ ሳይተዋወቁ የተቃቀፉት ሰው አይረሳቸውም። የዚያ ሰው ስሙ እንኳ አይታወቅም፤ መልኩና የካፖርቱ ቀለም ግን ከሃያ ዓመት በኋላ ይተረካል።

የአዲስ አበባ ስታዲየምን ዘመን ያየ ሰው ይህንኑ ይመሰክራል። ካታንጋ፣ ሚስማር ተራ፣ ከማን አንሼ የሚባሉትን ስሞች መሐንዲስ በፕላኑ ላይ አልጻፋቸውም፤ ያወጣላቸው ተመልካቹ ነው። ሰው ስም የሚያወጣው ለልጁና ለሚኖርበት ስፍራ ነው። የካታንጋ ሰው ከጥላ ፎቅ ሰው የሚለየው በከፈለው የመግቢያ ዋጋ ብቻ አልነበረም፤ በቀልዱ፣ በዜማው፣ በተጫዋች ላይ በሚሰጠው ፍርድ ጭምር ነበር እንጂ።

ነገሩ የእኛ አገር ብቻ አይደለም። በአሜሪካ በፊላዴልፊያ ከተማ የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1927 የከፈተው፣ ፓለስትራ የተባለ የቅርጫት ኳስ አዳራሽ አለ። ስሙ ከጥንት ግሪኮች የትግል ማሠልጠኛ የተወሰደ ነው። ከዚያ ወዲህ ከእሱ እጅግ የሚሰፉ፣ ወንበራቸው የለሰለሰ አዳራሾች በየከተማው ተሠርተዋል። የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ወዳጆች በናፍቆት የሚያነሡት ግን አግዳሚው እስከ ሜዳው ጠርዝ የሚደርሰውን፣ ጩኸቱ ከጣራው ተመልሶ በራሳቸው ላይ የሚወርደውን ያን አሮጌ ቤት ነው። ከምቾቱ ይልቅ መጣበቡ ይናፍቃቸዋል።

ወደ ጎንደር እንመለስ። በ1960ዎቹ የተቋቋመው ፋሲል ከነማ፣ ደጋፊዎቹ «አፄዎቹ» የሚሉት ቡድን፣ በ2009 ዓ.ም. ወደ ፕሪሚየር ሊጉ ገባ። ከዚያ ቀደም በዚያው ሜዳ ዳሸን ቢራ በዚሁ ሊግ ይጫወት ነበር፤ ጎንደሬም ያጨበጭብለት ነበር። ሆኖም ጭብጨባውና ፍቅሩ አንድ አልነበሩም። ከነማ የሚለው ቃል የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር ለማለት ያጠረ ነው። «እኛ» የሚለው አነጋገር በስሙ ውስጥ ተጽፎ ይገኛል ማለት ነው፤ ነዋሪው ቡድኑን ሲጠራ ራሱን ይጠራል። የፋብሪካ ቡድን ሠራተኞቹን የራሱ ሊያደርግ ይችላል፤ ከተማን በሙሉ የራሱ ማድረግ ግን ይከብደዋል።

ለቴያትር ቅርብ የሆነ አንባቢ እዚህ ላይ ዣን ዣክ ሩሶን ሳያስታውስ አይቀርም። ሩሶ እ.ኤ.አ. በ1758 ለዳላምቤር በጻፈው ደብዳቤ በትውልድ ከተማው በጄኔቭ ቴያትር ቤት እንዳይከፈት አጥብቆ ተከራክሯል። ከክርክሮቹ አንዱ፣ ቴያትር ሰዎችን በጨለማ አዳራሽ ዘግቶ ጸጥና ዝም ብለው እንዲቀመጡ ያደርጋል የሚል ነው። በምትኩ በገላጣ ስፍራ የሚደረግ የሕዝብ በዓል ይመክራል፤ በዚያ ትርኢቱ ተሰብሳቢው ራሱ ይሆናል፣ እያንዳንዱም ራሱን በሌላው ውስጥ እያየ ይወደዋል ይላል። ለመድረክ ሰው ይህ ፍርድ መራራ ነው፤ መልስም አይታጣለትም። ስለ ስታዲየም ግን አስቀድሞ አይቶ የጻፈ ያስመስላል።

ጎንደሬ ይህን ለመረዳት እስከ ጄኔቭ መሄድ አያሻውም። በጥምቀት ዕለት በፋሲለደስ መዋኛ ዙሪያ የሚሰበሰበው ሕዝብ ታቦታቱን ሊያጅብ ይመጣል፤ እርስ በርሱም ይተያያል። ማን እንደመጣ፣ ማን እንደቀረ፣ ማን እንደከሳ፣ የማን ልጅ እንዳደገ በዚያ ይታወቃል። በገና ጨዋታ ደግሞ የተጫዋችና የተመልካች ድንበር እስከ መጥፋት ይደርሳል፤ ጌታና ሎሌ በአንድ ሜዳ የሚጋፉበት፣ ጌታው ቢገፋ የማይቆጣበት ቀን እንደሆነ ባህሉ ይናገራል። አማርኛ ለዚህ ሁሉ አንድ ቃል አለው፤ መገኘት ይለዋል። ለቅሶ የደረሰ ሰው ምን ሠራ ቢባል ምንም አልሠራም፤ ገባ፣ ተቀመጠ፣ ተነሥቶ ሄደ። የቀረው ሰው ግን ይጠየቃል፤ ምክንያቱንም ይናገራል። ሐዘንተኛው በልቡ መዝገብ የሚጽፈው የተነገረውን ቃል ሳይሆን የተገኘውን ሰው ነው። ሥራ የማይመስለው መገኘት ከባድ ሥራ መሆኑን ኅብረተሰባችን ያወቀው ስታዲየም ከመሠራቱ በፊት ነው።

በዚህ ላይ አንድ ጽኑ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። በ1980 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተካሄደው የምሥራቅና የመካከለኛው አፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ፣ ኢትዮጵያ ዚምባብዌን በፍጹም ቅጣት ምት ስትረታ፣ በስታዲየሙ ከነበረው ሰው ይልቅ ጨዋታውን በደምሴ ዳምጤ ድምፅ በሬዲዮ የተከታተለው እጅግ ይበዛል። በደጋው አገር አንድ ሬዲዮ ጎረቤቱን ሁሉ የሚሰበስብበት ዘመን ነበር። ያን ድምፅ የሰሙ ሰዎች ዛሬም ስለዚያች ምሽት ሲናገሩ ኳሷን በዓይናቸው ያዩ ይመስላሉ፤ እነሱም «አሸነፍን» ይላሉ። ይህም ብቻ አይደለም። በ1954 ዓ.ም. ጥር ወር ኢትዮጵያ ግብፅን፣ ያኔ የተባበረችው ዐረብ ሪፐብሊክ ትባል የነበረችውን፣ ሁለት ጊዜ ከተመራች በኋላ አቻ ሆና በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ፣ አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ የአፍሪካን ዋንጫ ሲቀበል ገና ያልተወለደ ሰው ዛሬ «ዋንጫውን አንሥተናል» ይላል። ታዲያ መገኘት የሚባለው ነገር የት ገባ?

ተቃውሞው ግማሽ እውነት ይዟል። ሬዲዮውን ከበው ያዳመጡት ሰዎች ብቻቸውን አልነበሩም፤ እርስ በርሳቸው ተገኝተዋል፤ ትዝታቸውም ሙሉ የሆነው ስለዚህ ነው። ይሁን እንጂ ድምፃቸው ወደ ሜዳው አይደርስም። በስታዲየም ያለ ሰው ያያል፣ ይታያል፤ ይሰማል፣ ይደመጣል። ጉልበቱ የዛለው ተከላካይ በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች የሚሮጠው በገዛ እግሩ ብቻ አይደለም። ሁለት ጊዜ የተመራ ቡድን ሁለት ጊዜ ሲነሣ፣ ያነሣው ምን እንደሆነ ቆጥሮ ለእያንዳንዱ ድርሻውን የሚሰጥ ዳኛ የለም። ቢኖር ኖሮ ለካታንጋም የሚደርሰው ነገር በኖረ ነበር። «አገባን» የሚለው ሰው ሙሉ ባለመብት የሚሆነው በዚህ ነው፤ እሱ ባይኖር ነገሩ ሌላ በሆነ ነበርና።

በ2013 ዓ.ም. የጎንደርን ደጋፊ ያጋጠመውም በዚህ ዓይን ሲታይ ትርጉሙ ይጎላል። በዚያ ዓመት ፋሲል ከነማ በአሠልጣኝ ሥዩም ከበደ መሪነት በታሪኩ የመጀመሪያውን የፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ አገኘ። የዚያ ዓመት ውድድር ግን በኮሮና ወረርሽኝና በቴሌቪዥን ሥርጭት ምክንያት በአዲስ አበባ፣ በጅማ፣ በባሕር ዳር፣ በድሬዳዋና በሐዋሳ እየተዘዋወረ ተካሄደ እንጂ ወደ ጎንደር አልዘለቀም። ሽንፈቱን ለዓመታት በፀሐይና በብርድ ቁጭ ብሎ የተቀበለ ሰው፣ ድሉን በመስኮት ውስጥ አየው። ምስሉ ከስታዲየሙ ይልቅ የጠራ ነበር፤ ጎሉም ተደጋግሞ ይታያል። ከሁሉ የተሻለ ያየበት ዓመት ምንም ያላደረገበት ዓመት ሆነ። እርግጥ ተጫዋቾቹ ያለ እሱ ማሸነፋቸው ሊያስደስተው ይገባል፤ ያስደስተዋልም። ነገር ግን አባት ልጁ ከእሱ ርቆ ሲያገባ የሚሰማውን ያህል፣ ደስታው ውስጥ የቀረች አንዲት ባዶ ወንበር አለች።

እስካሁን የተባለው ሁሉ ለተመልካች የሚያደላ ነው። የሚከብደው ከዚህ ይጀምራል። ድምፁ ሜዳው የሚደርስ ሰው፣ ስድቡም ይደርሳል፤ እጁም ይደርሳል።

ቅዱስ አውግስጢኖስ በ«ኑዛዜ» መጽሐፉ ስለ ወዳጁ ስለ አሊፒዩስ ይተርካል። አሊፒዩስ የግላዲያተሮችን ትርኢት የሚጠላ ሰው ነበር፤ ጓደኞቹ በሮም ጎትተው ወሰዱት። ዓይኑን ጨፍኖ ተቀመጠ። አንዱ ተዋጊ በወደቀ ጊዜ ሕዝቡ ባንድ ድምፅ ሲጮኽ ግን ገልጦ አየ፤ ከዚያች ቅጽበት በኋላ ተጎትቶ የመጣው ሰው ከጎተቱት ይልቅ ጮኸ። አውግስጢኖስ ጆሮውንም ደፍኖ ቢሆን ኖሮ ብሎ ያዝናል። ያ ያዘነበት ጩኸትና ጎል ሲገባ የማይተዋወቁትን የሚያቃቅፈው ጩኸት ከአንድ ምንጭ የሚቀዱ ናቸው። አንዱን ወዶ ሌላውን አላውቀውም ማለት እንዴት ይቻላል?

የደጋፊ አነጋገር ግን ይህን ለማድረግ ዘዴ አበጅቷል። ኳስ ሲገባ «አገባን» ያለው ሰው፣ ድንጋይ ሲወረወር «ወረወሩ» ይላል። ያች «ን» ባንድ ጊዜ ትሰወራለች፤ በቦታዋ «አንዳንድ ጎረምሶች»፣ «ያልታወቁ ሰዎች»፣ «ከሌላ ቦታ የመጡ» የሚሉ ይተካሉ። በ2010 ዓ.ም. በአማራና በትግራይ ክልል ክለቦች መካከል የሚደረጉ ጨዋታዎች በየክለቡ ሜዳ መካሄድ አቅቷቸው ወደ ገለልተኛ ሜዳ የተወሰዱበት ጊዜ ነበር። የባለሜዳው ሕዝብ ራሱ ለእንግዳው የሚያሰጋ ሆኖ ተገኝቶ ነበርና ነው። ይህ በአንድ ከተማ ወይም በአንድ ቡድን ላይ ብቻ የሚጫን አይደለም፤ በየአቅጣጫው ነበር። የሚጠየቀው ግን ማን ጀመረው የሚለው አይደለም። ያ ሁሉ ሰው፣ ስለ ጎሉ «እኛ» ለማለት የማያመነታው፣ ስለዚያ ጊዜ በስንተኛ መደብ ይናገራል?

«እኔ አልወረወርሁም» የሚለው መልስ በሕግ ፊት በቂ ነው፤ መሆንም አለበት። ሰው ባልሠራው አይቀጣም። ነገር ግን ይኸው ሰው ጎሉንም አላገባም። በመገኘቱ ብቻ የድሉ ተካፋይ ነኝ ካለ፣ በመገኘቱ ብቻ የሚመጣበትን ነገር ገፍቶ የሚያርቅበት ምክንያት የለውም። ሁለቱን «ን»ዎች አብሮ መያዝ አለበት፤ ካልሆነም ሁለቱንም ይተዋቸውና «አገቡ» ይበል። እንዲያ ያለ ተመልካች እውነተኛ ይሆናል፤ ስታዲየሙ ግን ይቀዘቅዝበታል።

ይህ በሌሎች ሕዝቦችም ላይ የደረሰ ፈተና ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 በብራስልስ ሃይዝል ስታዲየም፣ የእንግሊዙ ሊቨርፑልና የጣልያኑ ጁቬንቱስ ለአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ ሊጫወቱ በተገናኙበት ዕለት፣ ከሊቨርፑል በኩል የመጣ ግፊት ተመልካቹን ከግድግዳ ጋር አጣብቆ ግድግዳው ተናደ፤ 39 ሰዎች ሞቱ፤ ከነሱም የሚበዙት የጁቬንቱስ ደጋፊዎች ነበሩ። ከ20 ዓመት በኋላ፣ በ2005፣ ሁለቱ ቡድኖች በሊቨርፑል ሜዳ እንደገና ተገናኙ። ያን ዕለት በደረጃዎቹ ላይ ከቆሙት መካከል በ1985 ያልተወለዱ ወይም ሕፃናት የነበሩ ብዙዎች ነበሩ። ሆኖም ካርቶን በራሳቸው ላይ አንሥተው በጣልያንኛ «ወዳጅነት» የሚል ጽሑፍ ሠሩ። ያልሠሩትን በደል «አድርገናል» ብለው ተቀበሉ ማለት ነው፤ ያላነሡትን ዋንጫ «አንሥተናል» እንደሚሉት ሁሉ። ከጣልያን ከመጡት ደጋፊዎች ገሚሱ አጨበጨበ፤ ብዙዎቹ ግን ጀርባቸውን አዞሩ። ያዞሩትን የሚወቅስ ሰው ሊኖር አይገባም። ይቅርታ የጠየቀ ሁሉ ይቅር እንዲባል መብት የለውም፤ ያነሡት ካርቶንም በዚህ ምክንያት ከንቱ አልሆነም።

በጎንደር ሽማግሌ ደጋፊዎች ስታዲየሙን ያላዩ ልጆችን ሰብስበው ሲያወጉ፣ ልጆቹ ስለ ጎሎቹ ደጋግመው ይጠይቃሉ፤ ሽማግሌዎቹም እየተቀባበሉ፣ እየተራረሙ ይመልሳሉ። የ2010 ዓ.ም. ጨዋታዎች ወደ ሌላ ሜዳ ለምን እንደተወሰዱ ከልጆቹ አንዱ ቢጠይቅ ግን ወጉ ይቋረጣል፤ ቀድሞ የሚናገረውም ሰው ግሡን በምን እንደሚጨርሰው ለጥቂት ጊዜ ያስባል።