ስለ ይቅርታና ስለ መታመን

በዳሞት፥ ከቡሬ ወደ ደምበጫ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ከተማ አስቀድሞ ወጀት ትባል ነበር። ፍኖተ ሰላም ብለው የሰየሟት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ናቸው፤ ትርጓሜውም የሰላም መንገድ ማለት ነው። ይህ ስም ያረፈው ግን ጦር በተመላለሰበት መንገድ ላይ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ በኩል ወደ አገራቸው ገቡ፤ የካቲት 25 ቀንም የጣሊያን ጦር ቡሬን ለቆ በዚሁ መንገድ ወደ ደብረ ማርቆስ አፈገፈገ፤ መጋቢት 28 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ደረሱ። ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ በገቡ ጊዜ ሕዝቡ ክፉን በክፉ እንዳይመልስ፥ ጠላት ባደረገው ግፍ ዓይነትም የራሱን እጅ እንዳያረክስ አዘዙ።

ትእዛዙ ክርስቲያናዊ ነው፤ ስለዚህም ብዙ ጊዜ ይመሰገናል። ዳሩ ግን ቤቱ የተቃጠለበት፥ ከብቱ የተነዳበት፥ ወንድሙ የተሰቀለበት የጎጃም ገበሬ ይህን ቃል በሰማ ጊዜ አንድ ጥያቄ ቢጠይቅ አይፈረድበትም፤ ይኸውም፦ ስለ ወንድሜ ደም ይቅር የሚል ማን ነው? ንጉሥ ነውን? ካህን ነውን? ወይስ እኔው ነኝ? የሚል ነው። በግንቦት 1929 ዓ.ም. በደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ያለ ፍርድ በጥይት ተፈጁ። እነርሱን የገደለውን ይቅር ማለት የሚገባቸው ቢኖሩ አስቀድመው የተገደሉት ነበሩ፤ እነርሱ ግን በምድር ላይ አይጠየቁም።

እንግዲህ ንጉሥ ያደረጉትን በልኩ መናገር ይገባል። ንጉሥ ሰይፍ ወደ አፎቱ እንዲመለስ ሊያዝዙ ይችላሉ፤ ይህም ታላቅ ነገር ነው፤ ብዙ ነፍስ ያድናልና። ነገር ግን የመበለቲቱን ልብ ወክለው ዕዳዋን ሊሰርዙ አይችሉም። በቀልን መከልከል የገዢ ሥራ ነው፤ ይቅር ማለት የተበደለው ሰው ሥራ ነው። እነዚህን ሁለቱን አንድ አድርጎ የሚናገር ሰው፥ ሰባኪም ቢሆን ሹም፥ የሌላውን ገንዘብ አንሥቶ እንደሚመጸውት ሰው ነው።

የመንግሥት ምሕረት በሌላ ሚዛን የሚመዘን መሆኑን ጎጃም ከማንም ይልቅ ያውቃል። ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት በጠላት ዘመን ከጣሊያን ጋር አብረው ነበሩ፤ በ1933 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስ ላይ ለንጉሠ ነገሥቱ ገቡ፤ ከዚያም ሥልጣናቸውን አጥተው በአዲስ አበባ በቁጥጥር ተቀምጠው አርጅተው ሞቱ። ለጠላት ሳይገብር አምስቱን ዓመት በዱር የተዋጋው ደጃዝማች በላይ ዘለቀ ግን ከነጻነት በኋላ ከመንግሥት ጋር ተጣልቶ በ1937 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተሰቀለ። የሕግ ሰው ለዚህ ምክንያት ያቀርብ ይሆናል፤ ያንዱ በደል ሌላ፥ የሌላው ሌላ ነው ይላል። የአገሬው ሰው ግን ሁለቱን አጠገብ ላጠገብ አስቀምጦ ከማየት እስከ ዛሬ አልተመለሰም። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ምሕረት ከንቱ ነው የሚል አይደለም፤ የመንግሥት ምሕረት ከመንግሥት ፍላጎት ጋር የሚሰፋና የሚጠብ ስለሆነ የወንጌል ይቅርታ መለኪያ ሊሆን አይችልም የሚል ነው።

ሁለተኛው ነገር መታመን ነው። ብዙ ሰዎች ይቅር ያለ ሰው ወዲያው ማመን ግዴታው ይመስላቸዋል፤ ካላመነም ይቅርታው ሐሰት ነው ብለው ይወቅሱታል። መጽሐፍ ግን እንዲህ አያስተምርም። ዮሴፍ ወንድሞቹ እህል ፍለጋ ወደ ግብፅ በወረዱ ጊዜ በቀል በልቡ አልነበረም፤ ፊቱን መልሶ ያለቀሰው ለዚህ ነው። ሆኖም ማንነቱን ወዲያው አልገለጠላቸውም። ጽዋውን በብንያም ስልቻ ውስጥ አስደብቆ፥ የራሔልን ልጅ እንደ ቀድሞው ለባርነት ትተውት ይሄዱ እንደ ሆነ ፈተናቸው። ይሁዳ ስለ ወንድሙ ባሪያ ሆኖ ለመቅረት ራሱን ባቀረበ ጊዜ ብቻ መጋረጃው ተነሣ። ይቅርታው ከልቡ አስቀድሞ ወጥቶ ነበር፤ መታመኑ ግን የይሁዳን ሥራ ይጠብቅ ነበር።

ከዚያው ከዳሞት አገር ሌላ ምሳሌ ይገኛል። ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬና ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ ሁለቱም በጠላት ላይ የተነሡ አርበኞች ነበሩ፤ ግን እርስ በርሳቸው የሚፎካከሩ ነበሩ። በ1933 ዓ.ም. መጀመሪያ ከሱዳን የገባው የኮሎኔል ሳንድፎርድ ልዑክ በመካከላቸው ገብቶ ተባብረው እንዲሠሩ አስማማቸው። መከራ ሲበዛ ሰው ከባላንጣው ጋር ባንድ ጉድጓድ ያድራል። እንዲህ ያለው ስምምነት ዋጋ የለውም ማለት አይደለም፤ ጠላትን ለማስወጣት ረድቷልና። ነገር ግን የጋራ ጠላት የወለደው መታመን ጠላቱ በሄደ ማግስት አዲስ ሥር ካላበቀለ አይጸናም። ደጃዝማች ነጋሽ በኋላ ቢትወደድ ተብለው ከፍ ባለ ሹመት ላይ ሳሉ በ1943 ዓ.ም. በንጉሠ ነገሥቱ ላይ አሢረዋል ተብለው ታሰሩ።

ይህን ሁሉ የአገሩ ሽማግሌ ያለ መጽሐፍ ያውቀዋል። ደም ሲደርቅ አስቀድሞ የሚንቀሳቀሰው በዳዩ ነው። ድንጋይ ተሸክሞ፥ አንገቱን ደፍቶ፥ በሽማግሌና በካህን ተከቦ ይመጣል፤ በደሉን በሰው ፊት ያምናል፤ ካሳው ይቈረጣል። የተበደለውም ወገን የሚመልሰው ቃል እግዚአብሔር ይማርህ የሚል ነው። ይህ ቃል ሲያስቡት የሚያስደንቅ ነው፤ ተበዳዩ ከእርሱ በላይ የሆነውን፥ የሟቹንም ድርሻ ጭምር፥ ለባለቤቱ ለእግዚአብሔር አስተላልፎ የራሱን እጅ ከደም ያነሣልና። ማንም ድንጋዩን በተበዳዩ ጫንቃ ላይ አይጭንም።

ዛሬ በየጉባኤው የሚሰማው ስብከት ግን አንዳንድ ጊዜ ይህን ይገለብጠዋል። ልጇን የቀበረችው እናት ይቅር ካላልሽ ጸሎትሽ አይሰማም ትባላለች፤ ልጇን የገደለው ግን የት እንዳለ የሚጠይቅ የለም። ጌታ መባህን በመሠዊያው ፊት ተወውና አስቀድመህ ከወንድምህ ታረቅ ብሎ ያዘዘው ማንን እንደ ሆነ ልብ ብሎ ማንበብ ይገባል። የታዘዘው ወንድሙ በእርሱ ላይ አንዳች ነገር እንዳለው ያሰበው ሰው፥ ማለት በዳዩ ነው። ከመቅደስ ተነሥቶ መንገድ እንዲሄድ የተነገረው እርሱ ነው። እውነት ነው፤ ጌታ በመስቀል ላይ ስለ ሰቃዮቹ ለምኗል፤ እስጢፋኖስም ይህንኑ አድርጓል፤ ተበዳዩም በዳዩ እስኪመጣ ድረስ ቂምን እንደ ልጅ አቅፎ እንዲያሳድግ ማንም አልፈቀደለትም። ነገር ግን ሁለቱም ይህን ያደረጉት በራሳቸው ቍስል ላይ ቆመው ነው፤ ሌላው ሰው በቈሰለበት ቍስል ቸርነት አላሳዩም።

አስታራቂ ለመሆን የሚወድ ሰው ጳውሎስን ይመልከት። ስለ አናሲሞስ ወደ ፊልሞና በጻፈ ጊዜ ይቅር በለው ብሎ ብቻ አልተወም፤ ዕዳ ቢኖርበት በእኔ ላይ ቍጠረው ብሎ ራሱን ዋስ አድርጎ አቀረበ። ሳይከፍል የሚያስታርቅ ሰው በሌላው ኪሳራ ይመሰገናል።

ነሐሴ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. እሑድ ነበር፤ የፍልሰታም ጾም ሰባተኛ ቀን ነበር። በዚያ ዕለት በፍኖተ ሰላም መካከል ከአየር የወረደ ጥቃት ደርሶ፥ የከተማዪቱ ሆስፒታል ኃላፊ እንደ ተናገሩት፥ ቢያንስ 26 ሰዎች ሞቱ። ከዚያ ወዲህም በአማራ አገር የተነሣው ጦርነት በብዙ ቤት ለቅሶ አስገብቷል፤ ከዚህም ወገን ከዚያም ወገን የሞተው የአንድ አገር ልጅ ነው፤ ብዙ ጊዜም የአንድ ጥምቀት ልጅ ነው። በእንዲህ ያለ ጊዜ እምነት ማለት እግዚአብሔር ያየውን አይረሳም ብሎ መጽናት ነው። ይህ መጽናት ለተበዳዩ ሰይፍ ላለማንሣት ኃይል ይሆነዋል፤ ፍርዱ አልጠፋም፥ የተቀመጠበት አለ ብሎ ያምናልና። ፍርድ ከነጭራሹ የለም የተባለ ሰው ግን ወይ ይበቀላል፥ ወይ ይደነዝዛል፤ ሁለቱንም ደግሞ ይቅርታ ብሎ መጥራት አይቻልም።

ወደ ሐዘን ቤት የሚገባ የነፍስ አባት ይህን ቢያውቅ ንግግሩ ያጥራል። ይቅር ብለሻልን ብሎ አይጀምርም። ከሐዘንተኛዪቱ አጠገብ መደብ ላይ ይቀመጣል፤ የሟቹን የክርስትና ስም ይጠይቃል፤ በጸሎተ ፍትሐቱም ያነሣዋል። በሌላ ቀን ደግሞ፥ ካወቀው፥ ወደዚያ ወደ ሌላው ሰው ቤት ይሄዳል።