አድራሻው ተሳስቶ ስለ ተላከ ዕቃ

አንድ ሰው ሲሳሳት የሚመጣውን ኪሳራ ማን ይቻለው የሚለው ጥያቄ ንግድ ከተጀመረ ጀምሮ የነበረ ነው። በዘመናችን ግን ይህ ጥያቄ በትንሽ ነገር አድሮ በየቀኑ ወደ ብዙ ሰው ቤት ይገባል። ገዢ በኢንተርኔት ዕቃ ያዛል፤ ዋጋውንም ይከፍላል፤ አድራሻውን ሲጽፍ ግን የቤቱን ቁጥር ያሳስታል፥ ወይም የለቀቀውን ቤት አድራሻ ሳይለውጥ ይቀራል። ሻጭም የተጻፈለትን አምኖ ይልካል። ዕቃው ሄዶ ከማያውቁት ሰው ደጅ ይወድቃል። እንግዲህ ሻጭ የታዘዘውን ፈጽሟል፤ ገዢም ገንዘቡን ሰጥቷል፤ ዕቃው ግን ከሁለቱም ዘንድ የለም። ዕዳው በማን ላይ ነው?

ስህተቱ ራሱ አዲስ አይደለም። የአሜሪካ ፖስታ ቤት ባለቤት ያጡ ደብዳቤዎች የሚመረመሩበትን ክፍል ያቋቋመው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1825 ዓ.ም. ነው፤ ከዚህ በታች የሚጠሩትም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። ዛሬም ይኸው ሥራ በአትላንታ ከተማ ይሠራል። አዲስ የሆነው ነገር ስህተትን የሚያቃናው ንግግር መቅረቱ ነው። በአዲስ አበባ ብዙ ጊዜ ቤት የሚታወቀው በቃል ነው፤ ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ፥ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ይባላል። ዕቃ አድራሹም ስልክ ደውሎ ወዴት ልታጠፍ እያለ ይጠይቃል፤ የተሳሳተውም በጥያቄ ይታረማል። ይኸው ሰው ወደ አሜሪካ ሄዶ ብዙ ቤተ ሰብ በሚኖርበት ሕንፃ ቢቀመጥና የክፍሉን ቁጥር መጻፍ ቢዘነጋ ግን፥ ዕቃው ከደጅ ይመለሳል ወይም ለሌላ ይሰጣል። ቀድሞ ሁለት ሰዎች ተነጋግረው የሚሸከሙትን ነገር ዛሬ አንድ ቁጥር ብቻውን ይሸከመዋል።

ሕግስ ምን ይላል ቢሉ፥ ካገር አገር ይለያያል። በእንግሊዝ አገር በ2015 ዓ.ም. የወጣው የሸማቾች መብት ሕግ ዕቃው በገዢው ወይም ገዢው በሰየመው ሰው እጅ እስኪገባ ድረስ አደጋው የሻጩ ነው ይላል። በአሜሪካ የንግድ ሕግ ግን የሻጩ ውል ዕቃውን ለአመላላሽ ማስረከብ ብቻ እንደ ሆነ፥ ካስረከበ በኋላ አደጋው ወደ ገዢው ያልፋል። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ በ2000 ዓ.ም. ባወጣው የኤሌክትሮኒክ ንግድ መመሪያ፥ ገዢው ትእዛዙን ከማጽናቱ በፊት የጻፈውን አይቶ ስህተቱን የሚያርምበትን መንገድ ነጋዴው እንዲያዘጋጅለት ያዛል። ሕግ እንዲህ ወሰን ያሰምራል፤ በወሰኑ ውስጥ ሰው ለሰው የሚገባውን ሁሉ ግን ቈጥሮ አይጨርስም። ስለዚህ የቀረውን ልቡና ይመርምረው።

ነገሩ እንዲገለጥ ምሳሌ እናድርግ። አንዲት ሴት በአሜሪካ በቤቷ ሆና የሕፃናት ልብስ እየሰፋች በኢንተርኔት ትሸጣለች እንበል። የአንዱ ልብስ ዋጋ 40 ዶላር፥ የጨርቁና የክሩ ወጪ 15 ዶላር፥ የመላኪያው 8 ዶላር ነው። ገዢዋም ከደመወዟ ቈጥባ ለመጀመሪያ ልጇ የምትገዛ ሴት ናት። ሁለቱም ባለጠጎች አይደሉምና፥ ያለው ይክፈል ብሎ ነገሩን በቶሎ መቍረጥ አይቻልም።

ገዢዋ ስህተቷን ያወቀችው ዕቃው ሳይላክ እንደ ሆነ፥ አድራሻውን ለውጦ መላክ ቀላል ይመስላል። ዳሩ ግን በዚህ ስፍራ ወጥመድ አለ። ፔይፓልና ኢቤይ ለሻጭ የሚሰጡት መከላከያ ዕቃው በትእዛዙ ላይ ወደ ተጻፈው አድራሻ ሲላክ ነው። በተሰረቀ ካርድ የሚገዙ ሌቦች ከከፈሉ በኋላ ቤት ለውጫለሁና ወደዚህ ላኪልኝ ብለው ይጽፋሉ። ሻጭዋ ራርታ ብትልክ፥ የካርዱ ባለቤት ገንዘቡን ሲያስመልስ ዕቃውንም ዋጋውንም ታጣለች። ስለዚህ የሚሻለው ትእዛዙን ሰርዞ ገንዘቡን መመለስ፥ ገዢዋም በትክክለኛው አድራሻ እንደ ገና እንድታዝ ማድረግ ነው። ይህ ላላወቀው ሰው ጭካኔ ይመስለዋልና፥ ሻጭዋ ምክንያቱን በትሕትና ልትገልጥላት ይገባል።

ዕቃው ከሄደ በኋላ ተቀባይ አጥቶ ቢመለስ ፍርዱ አይከብድም። ሁለተኛውን የመላኪያ 8 ዶላር ገዢዋ ትክፈል፤ ሥራው በእርሷ ቃል ሁለት ጊዜ ተሠርቷልና። ሻጭዋ ግን ልብሱንም 40 ዶላሩንም ይዛ ዝም ልትል አይገባትም።

የሚከብደው ዕቃው ጨርሶ የጠፋ እንደ ሆነ ነው። በዚህ ጊዜ ሁለቱም የየራሳቸው እውነተኛ ቃል አላቸው። ሻጭዋ «አንቺ የጻፍሽው ነው» ትላለች፤ እውነት ነው። ገዢዋ ወደ ባንኳ ሄዳ «ዕቃው አልደረሰኝም» ትላለች፤ ይህም እውነት ነው። ነገር ግን ቃል እውነት ሆኖ ሳለ የሚያታልልበት ጊዜ አለ። «አልደረሰኝም» የሚለው ቃል አድራሻውን ያሳሳትሁ እኔ ነኝ የሚለውን ከሸሸገ፥ የባንኩ ሠራተኛ የሚሰማው ሻጭዋ አልላከችም የሚል ነው፤ ያልበደለችውም ትከፍላለች። እንዲሁም «አንቺ የጻፍሽው ነው» የሚለው ቃል ልርዳሽ የሚለውን ለማስቀረት ከተነገረ፥ እውነቱ የልብ ድንዳኔ መከለያ ሆነ ማለት ነው። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል እንደሚባለው፥ የሳተን ሰው በስህተቱ መውቀስ ድካም የለበትም።

መካከለኛ መንገድ ግን አለ። ሻጭዋ ሌላ ልብስ ሰፍታ ወጪውን 15 ዶላርና መላኪያውን 8 ዶላር፥ በድምሩ 23 ዶላር ብቻ ተቀብላ ትላክ። እንዲህ ሲሆን ገዢዋ የስህተቷን ወጪ ቻለች፤ ሻጭዋም የእጇን ድካም ሰጠች። ይህ ግዴታ ነውን ቢሉ፥ በዳኛ ፊት የሚያስጠይቅ ግዴታ አይደለም። በሙሉ ዋጋ ብትሸጥላትም ዐመፅ አላደረገችም። ነገር ግን ከባልንጀራዋ መሰናከል ሁለተኛ ትርፍ አገኘች፤ እንዲህ ያለውን ትርፍ ልቡና በደስታ አይቀበለውም።

ሦስተኛውንም ሰው አንርሳ፤ እርሱም ጥቅሉን በደጁ ያገኘው ነው። በአሜሪካ ሳይታዘዝ ለሰው የተላከ ዕቃ ስጦታ ይሆንለታል የሚል ሕግ አለ፤ የሌላ ሰው ስም የተጻፈበት ጥቅል ግን ከዚህ አይቈጠርም። እርሱ አልተሳሳተም፥ ምንም አልተዋዋለም፤ ሆኖም በዚያች ሰዓት ኪሳራውን ሁሉ ሊያስቀር የሚችል እርሱ ብቻ ነው። ጥቅሉን ለአመላላሹ ቢመልስ ሁለቱ ሴቶች ከክርክር ይድናሉ። ከዚህ እንደምንረዳው፥ የመርዳት ግዴታ ሁልጊዜ ጥፋትን ተከትሎ አይመጣም፤ አንዳንድ ጊዜ መርዳት ከሚችለው ሰው ደጅ ላይ ተቀምጦ ይገኛል።

ለተሳሳተ ሁሉ የሚራራ ነጋዴ ኪሳራውን በዋጋው ላይ ይጨምራል፤ እንግዲያስ ተጠንቅቀው የጻፉት ስለ ቸልተኞች ይከፍላሉ የሚል ይኖራል። ይህ ክርክር ከንቱ አይደለም። ስለዚህም ነገሩ በሥርዓቱ ይሂድ፤ አስቀድሞ የሳተው «ስህተቱ የእኔ ነው» ይበል፥ ከዚያ በኋላ ሌላው ይራራ። እውነት ሳይነገር የሚጠየቅ ምሕረት ዘረፋን ይመስላል፤ እውነት ከተነገረ በኋላ የሚከለከል ምሕረት ደግሞ ንፉግነት ነው። ስህተት የኪሳራውን መነሻ ያሳየናል፤ የግዴታችንን መጨረሻ ግን አያሳየንም።

አንባቢ ሆይ፥ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላልና፥ ትእዛዝህን ከማጽናትህ በፊት የጻፍኸውን አድራሻ አንድ ጊዜ መልሰህ አንብብ። ሻጭም ብትሆን፥ የቤቱ ቁጥር የጐደለ መስሎ በታየህ ጊዜ ሳትልክ ጠይቅ። አንዲት ጥያቄ ከብዙ ክርክር ታድናለች።